ከፊርማዬ በፊት

በመጀመሪያው ቀን ፎርማኑ «ኢንጂነር!» ብሎ ሲጠራኝ፣
ዞር ብዬ ወደ ኋላ አየሁ፤ ከጀርባዬ ሌላ ሰው የቆመ መሰለኝ።
ማንም የለም። ጭጋግ ብቻ፣ ጦሳ ግርጌ የተንጠለጠለ፣
አንድ የሲሚንቶ ከረጢትም፣ ዝናብ ነክቶት ድንጋይ ያከለ።

ሰባት ወር ሆነኝ ይኸው፤ አሁንም እዞራለሁ፤
እውነተኛዋ መጥታ «ተነሽ» እስክትለኝ፣ ወንበሯን እጠብቃለሁ።
እሷን ጭቃ አይነካትም፤ ስሌቷን ሁለቴ አትደግምም፤
«እስቲ ልየው» አትልም፤ ድምጿ ስብሰባ ላይ አይሰልም።

እኔ ግን፣
የአፈር ምህንድስናን በ«ሲ» ያለፍኩ፣ እሱንም መምህሩ አዝኖልኝ፣
ቅጥሩም ቢሆን፣ ሌላዋ ተፈታኝ አዲስ አበባ ቀርታ፣ በባዶ ቦታ የደረሰኝ፣
ደመወዜን ስቀበል፣ ከሰው ኪስ እንደማወጣ፣
«ቁጥጥር መጣ» ሲባል ልቤ ቀድሞኝ ከበር የሚወጣ።
ሆጤ በተከራየኋት ክፍል፣ ሌሊት፣ በስልኬ ብርሃን፣
የማውቀውን ደግሜ አነባለሁ፤ ሌባ እንደሚቆጥር የሰረቀውን።

እናቴ ሐይቅ ገበያ ላይ፣ በርበሬ እየሰፈረች፣
«የዙልፋ ግንብ ተራራ ይይዛል» ትላለች።
ተራራ! የገዛ ልቤን መያዝ ላቃተኝ፣
ኩራቷ እንደ ዕዳ ደብዳቤ በየመንገዱ የሚያገኘኝ።

ነሐሴ አሥራ አንድ። ከሰኞ ገበያ በላይ፣ ቁልቁለቱ ወገብ ላይ፣
ሰባት ቤት ተደርድሯል፤ ደጃፉ ወደ ገደል የሚያይ።
ከሥራቸው ግንቡ፦ አራት ሜትር፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ቀጥ ያለ፤
በእጄ ወረቀት፤ ከታች አንድ ባዶ መስመር፣ «ስምሽን» እያለ።
ስሌቱን አራት ጊዜ ሠራሁ፤ አራቴም አንድ ነው መልሱ፤
የእስክሪብቶዬ ግን፣ ደረቀ ምላሱ።

ጋሽ ሙሄ፣ ግንበኛው፣ አርባ ዓመት ድንጋይ ሲያናግር የኖረ፣
መዶሻውን አስቀምጦ፣ ፊቴን እንደ ድንጋይ መረመረ።
«ምነው ልጄ፣ ወረቀቱ ነከሰሽ?» አለኝ።
አላሰብኩትም፤ ቃሉ ከአፌ አመለጠኝ፦
«ጋሼ፣ እኔ እኮ አላውቅም። ታውቃለች ያሉት ተሳስተው ነው።
አንድ ቀን ይደርሱብኛል። ታዲያ የምፈርመው በማን ስም ነው?»

አልሳቀም። «አብሽሪ»ም አላለኝ እንደ ሌላው፤
ጣቱን ሰደደ ወደ አንድ ቀዳዳ፣ ከጉልበት ከፍ ወዳለው።
ቡናማ ውሃ በክንዱ ወረደ።

«ፕላኑ ላይ ስድስት ነበር። አንቺ ነሽ ዐሥራ ስምንት ያደረግሽው፤
‹ልጅቷ ፈሪ ናት› ብዬ አማሁሽ፤ ለሚስቴም ነግሬያታለሁ፣ እውነት ነው።
እኔ ያልፈራሁ ለት፣ ገራዶ መውጫ ላይ፣ ልሙጥ አርጌ ገነባሁ፤
ቀዳዳ መልኩን ያበላሻል ብዬ፣ አንድም ሳልተው ደፈንኩ፤ ኮራሁ።
በሦስተኛው ክረምት ሆዱ ተነፋ፤ አንድ ሌሊት ተኛ።
አፈር አይደለም የጣለው፤ መውጫ ያጣ ውሃ ነው፣ እስረኛ።
ከዚያ ወዲህ፣ ለማንም ሳልነግር ይዤው የኖርኩት፣
‹ጋሽ ሙሄ ያውቃል› ሲባል፣ ‹የቱ ሙሄ?› እያልኩ፣ ስንቴ መሰለሽ ዞሬ የፈለግኩት።»

ከዚያ ዝም አለ። መዶሻውን አነሳ።
እኔም ምንም አላልኩ።

ከላይ አንዲት ሴት፣ የእጣቢ ሳፋ ይዛ፣ ካጥሯ ብቅ ብላ፣
«ኢንጂነር! ይሄ ነገር ይይዘናል? ወይስ ልጆቼን ይዤ ልሽሽ ወደ ሌላ?»
አንገቴ፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ ኋላ ሊዞር ጀመረ፤
ግማሽ መንገድ ደርሶ፣ ጋሽ ሙሄን አየና፣ ቀረ።

«ይይዛል» አልኩ። ድምፄ ሰለለ፤ ግን ወጣ።
«ቢሆንም፣ ነገ ዝናቡ ሲያባራ፣ ዳግም ላየው ልምጣ።»

ፈረምኩ። ከቀዳዳዎቹ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።
ካፊያው ወረቀቱን ነክቶ፣ ከስሜ ላይ «ፋ»ን አስፍቷታል።
ፋይሉን ነገ የሚያይ ሰው «እጇ ተንቀጥቅጧል» ይል ይሆናል።
ይበል። ተንቀጥቅጧል።